ለጥር የሚሠራ ግቢ

የተከበራችሁ የጭሮ ከተማ ነዋሪዎች፣ ከሒርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶና ከሚኤሶ ድረስ የመጣችሁ እንግዶች፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ መኖሪያ ግቢ አያያዝ እንድናገር ስትጋብዙኝ ጉዳዩን የትርፍ ጊዜ ወሬ አድርጌ አልተቀበልኩትም። ልጆቻችን መሄድ የሚማሩት፣ እንግዳ የሚቀመጠው፣ ቡና የሚፈላው፣ ለቅሶና ሠርግ የሚስተናገደው በግቢያችን ነው። ስለዚህ ግቢ እንዴት ይሠራ ብሎ መጠየቅ እንዴት እንኑር ብሎ መጠየቅ ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ አንድ ነው፤ እሱንም ደጋግሜ እላለሁ። በምዕራብ ሐረርጌ ግቢ መሠራት ያለበት በነሐሴ ልክ ሳይሆን በጥር ልክ ነው። በነሐሴ ምንም ብትተክሉ ያምራል። ግቢን የሚፈትነው ጥር ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ውሃ በወረፋ ሲገኝ። በጥር የሚጸና ግቢ ደግሞ ጥቂት ተክል፣ ብዙ ክፍት ቦታና ትንሽ ድካም ያለበት ግቢ ነው። ይህን በአራት ነጥቦች ላስረዳ። መጀመሪያ ግቢዎቻችን ለምን እንደሚደርቁ፣ ሁለተኛ የገዛ መሬታችን ምን እንደሚያስተምረን፣ ሦስተኛ ግቢው በተግባር እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም ለሚነሡት ተቃውሞዎች መልስ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ግቢዎቻችን ለምን ይደርቃሉ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሰው ሰነፈ፣ መንከባከብ ተወ» የሚል ነው። ይህ መልስ ፍትሐዊ አይመስለኝም። የአካባቢያችንን የጨርጨርን የአየር ጠባይ ተመልከቱ። የበልጉ ዝናብ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ይመጣል፤ በአንዳንዱ ዓመት ይዘገያል፣ በአንዳንዱ ይቀራል። ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ይዘንባል። ከዚያ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ አንዳንዴም የካቲትን ጨምሮ፣ ደረቅ ነው። ችግኝ የምንገዛውና የምንተክለው ደግሞ ሁልጊዜ በለምለሙ ወቅት ነው። ዐይናችን ያየው አረንጓዴ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ይመስለንና ሣሩን፣ አበባውን፣ ቁጥቋጦውን ደርድረን እንተክላለን። ጥቅምት ሲገባ ያ ሁሉ ተክል አፉን ከፍቶ ውሃ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የባለቤቱ ስንፍና አይደለም። ግቢው ሲታቀድ ለአራት ደረቅ ወራት ምንም አልተመደበለትም ነበር።

ነገሩን በጀሪካን እንቁጠረው፤ ጀሪካን ሁላችንም የምናውቀው መስፈሪያ ነው። 20 ካሬ ሜትር የሣር መደብ አለን እንበል። ትልቅ አይደለም፤ አራት ሜትር በአምስት ሜትር ነው። በደረቁ ወራት ይህ ሣር አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ 1 ሊትር ነውና ሣሩ በቀን 80 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን አራት ጊዜ ይሞላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት 120 ቀናት ሲባዛ 480 ጀሪካን ይሆናል። አሁን ደግሞ በዚያው ቦታ አንድ የወይራ ችግኝና ጥቂት እሬቶች፣ ከእነሱም ጋር ጤና አዳም እንደተተከሉ አስቡ። በመጀመሪያው ዓመት ለዛፉ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ ለተቀሩት ሁሉ አንድ ጀሪካን ቢሰጥ በአራቱ ወራት ከ40 ጀሪካን አይበልጥም። ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ያን ያህልም አይጠይቁም። በ480 እና በ40 መካከል ያለው ልዩነት የዛሬው ንግግሬ ዋና ማስረጃ ነው።

ቁጥሩን ካየን በኋላ ደግሞ ጀሪካኑን የሚሸከመው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ቧንቧ በተቋረጠበት ቀን ውሃ የሚቀዳው በአብዛኛው በእናቶችና በልጃገረዶች ትከሻ መሆኑን በዚህ አዳራሽ የማያውቅ የለም። በአንድ ሰው ፍላጎት የተተከለ ሣር በሌላ ሰው ጀርባ የሚኖር ከሆነ፣ ያ ግቢ ቢያምርም ውበቱ ዕዳ አለበት። ቀለል ያለ ግቢ ስል የቤተሰቡን ጉልበት የሚያከብር ግቢ ማለቴ ነው። ግቢው በጥር ልክ ሲሠራ አረንጓዴው ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ዕረፍትም ይጸናል።

ሁለተኛው ነጥቤ፣ መሬታችን ያስተምረናል የሚለው ነው። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የአሰቦት ደብረ ወገግ ገዳምን ተራራ ተመልከቱ፤ ዙሪያው ቆላ ሆኖ ሳለ በተራራው ላይ ጽድና ወይራ ቆሟል። ወደ ቁኒ በኩል የሙክታር ተራራ ደን አለ፤ የደጋ አጋዘን የሚጠለልበት ስፍራ ነው። የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ የተቀመጠበት ኦዳ ቡልቱም ስሙን ለዩኒቨርሲቲያችን ሰጥቷል፤ አባቶቻችን ሕግ ለመደንገግ የመረጡት አዳራሽ አንድ ዛፍና በሥሩ ያለ ክፍት ሜዳ ነበር። በእነዚህ ስፍራዎች ሁሉ በጥር ወር ባልዲ ይዞ የሚያጠጣ ሰው የለም። ዛፎቹ ግን አሉ። ስለዚህ «በእኛ አገር ያለ ውሃ ምንም አይበቅልም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። የሚበቅለውን ትተን የማይችለውን መርጠን ነው የተቸገርነው።

እንዴት ነው የሚችሉት? የወይራን ቅጠል ቀጥፋችሁ በእጃችሁ ገልብጡት። ላዩ ጠቆር ያለ አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በሰም የተቀባ ይመስላል። የታችኛው ገጹ ግን ወደ ወርቃማ ቡኒ ያደላ ነው፤ በጣም ባነሱ ቅርፊቶች ተሸፍኗል። ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ያሉት በዚያ በተሸፈነው ወገን ስለሆነ ነፋሱና ፀሐዩ እርጥበቱን በቀላሉ አይነጥቁትም። እሬት ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። ቅጠሉን ብትቆርጡት ውስጡ ጥርት ባለ ዝልግልግ ውሃ የተሞላ ነው፤ የክረምቱን ዝናብ ለበጋ ያስቀመጠበት ጎተራው ይህ ነው። አብዛኛው ተክል ቀዳዳዎቹን የሚከፍተው በቀን ሲሆን እሬት ግን ሙቀቱ እስኪበርድ ጠብቆ በሌሊት ይከፍታል። ኢትዮጵያ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሏት። የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል የኢትዮጵያንና የኤርትራን እሬቶች በአንድ መጽሐፍ አሰባስበው አሳትመዋል። አሎ ሐርላና የሚባለው ዝርያ መገኛው ይኸው የኛ ሐረርጌ ነው። ከአጥራችን ውጭ በድንጋይ መካከል በነፃ የሚያድገውን ተክል ንቀን ለሚጠማው አበባ ገንዘብ ማውጣታችን ሊያስቆጨን ይገባል።

መሬቱ የሚያስተምረን በምሳሌ ብቻ አይደለም፤ በማስጠንቀቂያም ነው። የሐረማያን ሐይቅ ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ደረቀ። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ለከተማው የሚሳበው ውሃ፣ በዙሪያው ለአትክልትና ለጫት የሚገፋው ፓምፕ፣ ከተራቆተው ተዳፋት እየታጠበ የገባው ደለል ተባብረው ነው ያደረቁት። በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለሱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ትምህርቱ ግን መረሳት የለበትም። ሐይቁን ያደረቀው አንድ ትልቅ ጠላት አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው ለየራሱ መደብ ትንሽ ትንሽ ሲቀዳ፣ የየራሱን ተዳፋት ትንሽ ትንሽ ሲያራቁት ነው የደረቀው። የከተማ ግቢም በአንድ ግቢነቱ ትንሽ ነው። በሺዎች ሲቆጠር ግን የከተማውን ውሃ የሚወስነው እሱ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ አሠራሩ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። የመጀመሪያው ሥራ መትከል ሳይሆን ባዶ ቦታ መተው ነው። በጃፓን ኪዮቶ ከተማ ሪዮአንጂ በሚባል ቤተ መቅደስ ውስጥ በዓለም የታወቀ የአትክልት ስፍራ አለ። በነጭ ጠጠር በተነጠፈ አራት ማዕዘን ቦታ ላይ 15 ድንጋዮች ብቻ ተቀምጠዋል፤ ከድንጋዮቹ ሥር ካለው የድንጋይ ሽበት በቀር ተክል የለበትም። ከየትም ተቀምጣችሁ ብታዩ ቢያንስ አንዱ ድንጋይ ከዐይን ይሰወራል። ሰው ከየአገሩ እየመጣ ዝም ብሎ ይቀመጥበታል። የእኛ ግቢ ያን እንዲመስል አይደለም የምለው፤ የእኛ ግቢ ልጅ የሚሮጥበት፣ ፌሽታ የሚደረግበት ነው። ከዚያ የምንወስደው ክፍት ቦታ ራሱ የንድፉ አካል መሆኑን ነው። ደግሞም ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ተጠርጎ የጠራ ደጅ፣ አንድ ዛፍ፣ በሥሩ ምንጣፍና የቡና ረከቦት፤ ይህ የአያቶቻችን ንድፍ ነው። በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ ውሃ አቅራቢ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1981 ዜሪስኬፕ የሚባለውን ውሃ ቆጣቢ አሠራር ሲጀምር ያወጣቸው ሰባት መርሆዎችም ከዚህ የራቁ አይደሉም። አስቀድሞ ማቀድ፣ አፈሩን ማሻሻል፣ ለቦታው የሚስማማ ተክል መምረጥ፣ ሣርን መቀነስ፣ ውሃን በብልሃት ማጠጣት፣ አፈሩን ማልበስ፣ በልክ መንከባከብ ናቸው።

ከዚያ ዛፍ ምረጡ፤ ለአማካይ የከተማ ግቢ አንድ ዛፍ ይበቃል። ምርጫው እንደ ከፍታችሁ ነው። በጭሮና በሒርና ወይና ደጋ ወይራ የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ በዝግታ ያድጋል፣ ቢገረዝ ይታዘዛል፣ ቅርንጫፉም ለወተት ዕቃ ማጠኛ ይሆናል። ፈጠን ያለ ጥላ የሚፈልግ ዋንዛ ይትከል፤ ነጭ አበባው የንብ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ሰፊ ዛፍ ስለሆነ ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ አምስት ሜትር ይራቅ። ወደ ቁኒ ደጋ ጽድ ይስማማል። በሚኤሶ ቆላ ግራርና ኒም ይችላሉ። ቦታው ጠባብ ከሆነ ሮማን ትንሽ ሆኖ ድርቅን ይቋቋማል፤ ፍሬም ይሰጣል። ዛፉ የሚተከለው በግቢው መካከል ሳይሆን የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ቤቱ በሚገባበት በምዕራብ ወገን ነው። በዚያ ቦታ የቆመ አንድ ዛፍ የግቢውንም የቤቱንም ሙቀት ይቀንሳል።

ከዛፉ ቀጥሎ ዝቅ ያሉ ተክሎች ይመጣሉ፤ ከሦስት ወይም ከአራት ዓይነት አይብለጡ። አንድን ዓይነት በብዛት በአንድ ረድፍ መትከል ብዙ ዓይነትን ከመበታተን ይሻላል፤ ዐይንን ያሳርፋል፣ ለሚንከባከብም ይቀላል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ውሃ፣ አንድ ዓይነት መግረዝ ይፈልጋልና። በአጥሩ ሥር እሬት በረድፍ፣ በመግቢያው ሮዝሜሪ፣ በኩሽናው በር ጤና አዳምና በሶብላ። ውሃ ከመታጠቢያው በሚወርድበት ቦታ ጠጅ ሳር ይሁን። ቡና ለሚወድ ሰው በዛፉ ጥላ ሥር አንድ ሁለት የቡና ተክል ይበቃል፤ ቁጢ ለሚባለው የቡና ቅጠል መጠጥ የሚሆን ቅጠል ከደጁ ያገኛል። የማይተከለውንም ልናገር። የወፍ ቆሎ አበባው ቢያምርም ወፎች ዘሩን ይዘው ወደ ግጦሽ ይበትኑታል፤ ከብት ከበላው ይመረዛል። ቅንጭብ ጠንካራ አጥር ነው፤ ነገር ግን ወተቱ ዐይን ይጎዳልና ሕፃናት ባሉበት ግቢ አይሁን። ባህር ዛፍ ለግቢ አይሆንም፤ ሥሩ ከጎረቤት አፈር ሳይቀር ውሃ ይስባል።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ፤ ዋናው ብልሃት ዝናቡን ግቢ ውስጥ ማስቀረት ነው። የጭሮ መንደሮች በተራሮች መካከል ናቸው፤ በክረምት ጎርፉ በመንገድ ሲወርድ የምናየው ከየጣሪያውና ከየግቢው የወጣ ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 500 ሊትር ይሆናል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 400 ሊትር፣ ማለትም 20 ጀሪካን ይቀራል። ቅድም ለበጋው ሙሉ 40 ጀሪካን ያስፈልጋል ብዬ ነበር፤ ሁለት ጥሩ ዝናብ ያንን ይሞላዋል። ስለዚህ አሸንዳ ግጠሙ፤ አቅም ያለው በሮቶ ያጠራቅም፤ አቅም የሌለው ውሃውን በድንጋይ በተደረደረ ቦይ ወደ ዛፉ ሥር ይምራው። አፈሩ ራሱ ማጠራቀሚያ ነውና። ችግኙ የሚቆምበት ጉድጓድ ዙሪያው ከፍ፣ መካከሉ ዝቅ ያለ ይሁን። በተዳፋት ላይ ከሆነ በታችኛው ወገን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የድንጋይ ክትር ይሠራለት። በደረቁ ወራት ደግሞ አሮጌ ጀሪካን ውሰዱ፤ ከሥሩ በኩል በምስማር አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብሱና ሞልታችሁ ከችግኙ አጠገብ አስቀምጡት። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ በቀስታ ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ በላይ ከተደፋ ውሃ በእጅጉ ይሻላል፤ የተደፋው ፀሐይ ይጠጣዋልና።

ከውሃው ጋር ጉዝጓዝ ይሄዳል። በዙሪያችን ቡና የሚፈለፈልበት ቦታ ሁሉ ገለፈት አለ፤ ከበሰበሰ በኋላ በአፈሩ ላይ አራት ጣት ያህል ቢነጠፍ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። ጉዝጓዙ የዛፉን ግንድ አይንካ፤ ከጭቃ ቤት ግድግዳም ይራቅ፤ ምስጥ ይጠራልና። በእግር መሄጃውና በመቀመጫው ላይ ጠጠር ይነጠፍ፤ ውሃ ያሰርጋል፣ ጭቃ አይሆንም። የዓመቱ ሥራ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። በሐምሌ መጀመሪያ መትከል፤ ሥሩ ክረምቱን ሙሉ ወደ ታች ይወርዳልና። በነሐሴና በመስከረም ፋራምሲሳ የሚባለውን አረም አበባ ሳያወጣ መንቀል፤ አንዱ ተክል ብዙ ሺህ ዘር ይበትናል፣ ቆዳም ያሳክካልና በጓንት ይሁን። በጥቅምት ጉዝጓዙን መጨመር። ከጥቅምት እስከ ጥር ጀሪካኑን በሳምንት አንድ ቀን መሙላት። በየካቲት በልጉ ሳይጀምር መግረዝ። ከዚህ ውጭ የሚቀረው ጠረጋ ነው። ሁለት በጋ ያለፈ ችግኝ በጥር የሚጠይቃችሁ ነገር እጅግ ትንሽ ነው። ለጥር የሚሠራ ግቢ ማለት ይህ ነው።

አራተኛው ነጥብ ተቃውሞዎቹ ናቸው፤ ሁሉንም በክብር መመለስ አለብኝ። የመጀመሪያውና ከባዱ እንዲህ ይላል፦ «ኑሮ በተወደደበት ዘመን ስለ እሬትና ስለ ጠጠር ታወራለህ፤ ግቢው ጎመንና ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሰላጣ ይትከልበት እንጂ!» መንግሥትም በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ብሎ ቤተሰብ በደጁ ምግብ እንዲያመርት አበረታቷል። የተቃውሞውን መነሻ እቀበላለሁ፤ እኔም የምለው አትክልት አይተከል አይደለም። አትክልት ዕለታዊ ውሃና ዕለታዊ እጅ የሚፈልግ ስለሆነ ትንሽ ሆኖ በኩሽናው አጠገብ ይሁን ነው የምለው። አትክልትና ሳህን የታጠበበት ውሃ ወደዚያ ይሂድ፤ ኦሞ የበዛበትና በረኪና የገባበት ግን አይሂድ። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ መደብ ዓመቱን ሙሉ ቢለማ፣ በክረምት ግቢውን ሁሉ ሸፍኖ በጥር ከሚደርቅ ጎመን የበለጠ ወደ ማዕድ ያመጣል። የቀረው ቦታ በራሱ የሚችል ተክል ሲይዝ ነው ለዚያ ትንሽ መደብ የሚተርፍ ውሃና ጉልበት የሚገኘው። ቀለል ያለ ግቢ የምግብ ጠላት አይደለም፤ ውሃውን ለምግቡ የሚያድን ነው። «ታዲያ ጫት ብንተክልስ? ገቢ አለው» ለሚሉም፣ ጫት የአካባቢያችን ኑሮ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ቦታው ማሳ ነው። መድኃኒት የሚረጭበት ተክል ልጆች በሚጫወቱበት፣ ልብስ በሚሰጣበት ጠባብ ግቢ ውስጥ መሆኑ ለቤተሰብ ጤና አይበጅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፦ «ትንሽ ድካም ከሆነ የፈለግኸው፣ ግቢውን ሁሉ ሲሚንቶ ማልበስ ይቀላል» ይላል። ይህ በከተሞቻችን እየበዛ የመጣ አሠራር ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልስ። ሲሚንቶ ለአንድ ቤት ቀላል ነው፤ ለጎረቤት ግን ከባድ ነው። ቀደም ሲል መሬት ውስጥ ይሰርግ የነበረው የግቢው ዝናብ ሙሉ በሙሉ ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳል። እንደ ጭሮ ባለ ተዳፋት ከተማ ይህ ነገር ጎርፍ ማለት ነው። ደግሞ ሲሚንቶ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ ጥላ የሌለው ግቢ በበጋ ሊቀመጡበት አይቻልም። ሲሰነጠቅም ጥገናው በርካሽ አይሆንም። ጠጠርና ድንጋይ ያንኑ ንጽሕና ይሰጣሉ፤ ውሃውን ግን አይከለክሉም። መኪና የሚገባበት መንገድ ካስፈለገ በድንጋይ ንጣፍ ይሠራ፤ በድንጋዮቹ መካከል አሸዋ እንጂ ሲሚንቶ አይግባበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ በሹክሹክታ የሚነገር ነው፤ «ባዶ ግቢ የድህነት ምልክት ነው፤ ሰው ምን ይለናል?» የሚል። ወገኖቼ፣ በጥር የደረቀ ሣርና የጠወለገ አበባ ነው ግቢን የተጎሳቆለ የሚያስመስለው። ጠርቶ የተጠረገ፣ ዳር ዳሩ በድንጋይ የተሰመረ፣ አንድ ጤናማ ዛፍና አንድ ቀጥ ያለ የእሬት ረድፍ ያለበት ግቢ ግን በየትኛውም ወር የታሰበበት መሆኑ ይታያል። ባዶነትና ክፍትነት አንድ አይደሉም። ባዶ ግቢ ማንም ያላሰበበት ነው፤ ክፍት ግቢ ግን ለእንግዳ፣ ለልጅ፣ ለጥላ ተብሎ የተተወ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው የጠርዙ አሠራር ነው። የተክሉ መደብ የት እንደሚያበቃ፣ መሄጃው የት እንደሚጀምር በግልጽ ከተሰመረ፣ ሦስት ተክል ብቻ ያለው ግቢ የተሟላ ይሆናል።

አራተኛው ተቃውሞ የጤና ባለሙያዎች የሚያነሡት ነው፤ እኔም በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። «ውሃ አጠራቅሙ ስትል ትንኝ አርቡ ማለትህ ነው» ይላሉ። ፍርሃታቸው መሠረት አለው። በጎረቤታችን በድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በቤት ዙሪያ በተቀመጠ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌሌስ ስቴፌንሲ የምትባለው የወባ ትንኝም በበርሜልና በማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዛ ተገኝታለች። ከዚህ የምንማረው ውሃ አለማጠራቀምን ሳይሆን ክፍት አለመተውን ነው። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ የአሸንዳው ውሃ የሚገባበት አፍ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ አሮጌ ጎማና የተሰበረ ባልዲ ከግቢ ይውጣ። በየሳምንቱ በርሜሉን ማየት ልማድ ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ማጠራቀሚያ ግን ቅድም ያልኩት አፈሩ ነው፤ መሬት ውስጥ በሰረገ ውሃ ትንኝ አይራባም።

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ወደ ማጠቃለያው ደርሻለሁ። በ1910ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጨርጨርን ያስተዳድሩ የነበሩት፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይህን ምድር ለሌላው አርአያ የማድረግ ምኞት ነበራቸው። ያ ምኞት የዘመኑ ነበር፤ የእኛ ዘመን ምኞት ደግሞ የራሱ ነው። ዛሬ ለሌላው አርአያ መሆን የምንችለው ከተማችን ሲሰፋ ውሃዋን ሳታባክን፣ ጎርፏን ለታችኛው ጎረቤት ሳትልክ፣ በበጋም አረንጓዴ ሆና ስትታይ ነው። ለዚህ ትልቅ በጀት መጠበቅ አያሻም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ መትከሉን ተምረናል። አሁን መማር ያለብን መምረጥንና ማጽደቅን ነው፤ ማጽደቅ የሚጀምረው ደግሞ ጥቂት በመትከል ነው።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሦስት ነገሮችን እንድታደርጉ በአክብሮት እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ሳምንት ግቢያችሁን ዞራችሁ በጥር ያለ እርዳታ የማይቆየውን ተክል ሁሉ ለዩ፤ ይቅር ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ ከቤተሰቡ ጋር፣ በተለይም ውሃውን ከሚቀዱት ጋር፣ ተመካከሩ። ሁለተኛ፣ ከጣሪያችሁ የሚወርደው ዝናብ የት እንደሚሄድ ተከትላችሁ እዩ፤ ከግቢ ሳይወጣ የሚቆምበትን ቦታ ምረጡለት። ሦስተኛ፣ ለሚመጣው ሐምሌ አንድ የአገር ዛፍ ብቻ አዘጋጁ፤ ጉድጓዱን ከአሁኑ ቆፍሩ፣ ብስባሽም ጨምሩበት። አስተማሪዎች ተማሪዎቻችሁን በትምህርት ቤት ግቢ ይህንኑ አሠሯቸው፤ ልጆች በትምህርት ቤት ያዩትን በቤታቸው ይጠይቃሉ። የቀበሌ አስተዳዳሪዎች ደግሞ በችግኝ ጣቢያዎቻችሁ ወይራ፣ ዋንዛና እሬት እንዳይጠፉ አድርጉ፤ ሰው የሚተክለው የሚያገኘውን ነውና። ጥቂት እንትከል፤ የተከልነውን እናጽድቅ፤ ግቢያችንን በጥር ልክ እንሥራ።